ገቢርና ተገብሮ

እንየው ሬድዮ ጠጋኝ፣ ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣
ሁለት ቤዝ ጊታር ሰቅሏል ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ልገዛ ስገባ።
አንዱ ጥቁር፣ አዲስ፣ አምስት ማዞሪያ ያለው፣
ከጀርባው ትንሽ በር፣ ዘጠኝ ቮልት የሚውጠው፤
ሌላው ቡናማ ነው፣ ቀለሙን ክርን የበላው፣
አንድ የፖሊስ ኦርኬስትራ ጡረተኛ ለልጁ መዳሪያ የሸጠው።

«ይኼ አክቲቭ ነው» አለኝ፣ ጥቁሩን እያወረደ፣
«ያኛው ፓሲቭ»፣ መበየጃው ሸክላ ላይ እየነደደ።

ሳቄ መጣ።
እኔ ይህን ነገር የማውቀው ከዚህ ሱቅ ቀድሜ ነው፣
ሞጣ አጠገብ፣ ጎጆ ውስጥ፣ ደበሎ ለብሼ ሳለሁ፤
የኔታ ልሳነ ወርቅ ግስ ሲያወርዱ፣
«ይህ ገቢር፣ ያ ተገብሮ» እያሉ ሲፈርዱ፣
«አንዱ ያደርጋል፣ አንዱ ይደረግበታል»፤
የኔ ጆሮ ግን ከማዶ ሠርግ ቤት ውሏል።

ጥቁሩን ታቀፍኩት። በጣቴ ጫፍ ብነካው፣
የእንየው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፣ ገና በቅጡ ሳልመታው።
ወፍራሙን ብል ወፍራም፣ ስለቱን ብል ስለት፣
ሳስበው ነው ድምፁ የሚደርስበት።
ልገዛው ነበር። እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር።
ግን አማኑኤል ትዝ አለኝ፣ ያ የጥር ድንኳን፣ ያ ነገር።

በተውሶ አክቲቭ ነበርኩ፤ ሽባባው ድራም ላይ፤
ሙሽሮች ገቡ፣ ትከሻ ሁሉ ሊነሣ ሲል ወደ ላይ፣
ለካ ገመዱን ሳልነቅል አድሬ
ባትሪው ሌሊቱን ሲመጠጥ አድሯል፤ ቀረሁ ክሬን ቆጥሬ።
መጀመሪያ እንደ ታነቀ ሰው ተንኮሻኮሸ፣
ከዚያ ጭጭ። የሠርገኛው እግር መሬት አጣ፣ ቀስ እያለ ሸሸ።
ከተማዋን ከጫፍ ጫፍ ዞርናት፣ ሱቅ በሱቅ፤
ክቡ የባትሪ ድንጋይ ሞልቷል፣ አራት ማዕዘኑ ብርቅ።
የሙሽራው አጎት እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ
«አንተ ያ ዲዳው» ይሉኛል፤ ይጋብዙኛል ደግሞ፣ አይጠሉኝ።

ቡናማውን በሌላ ገመድ ሰካሁት።
ሁለት ማዞሪያ፣ አንዱን ዝገት ይዞታል።
ብሰንፍ ይሰንፋል፤ ብበረታ ይበረታል።
ከቱቦ መብራቱ ሥር እንደ ንብ ያጉረመርማል፣
ገመዱ ከረዘመ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል።
«ለትልቅ አዳራሽ ይደክማል» አለ እንየው፣ አልዋሸም፤
እንየው ዕቃ ይሸጣል እንጂ ውሸት አይሸጥም።

ይኼኔ መብራት ጠፋ።
ማጉያው ሞተ፤ አክቲቩም ፓሲቩም በአንድ ጨለማ
እኩል እንጨት ሆኑ፣ እኩል ዝም የሚሉ፣ ያለ ዜማ።
ቡናማውን አገጬ ላይ አስደግፌ ወፍራሙን ክር ነካሁ፤
በጥርሴ በኩል፣ በአጥንቴ በኩል ሰማሁ።
ተናገረ።

የኔታ ጠይቀውኝ ነበር፦ «ተናገረ፣ ገቢር ነው ወይስ ተገብሮ?»
«‘ተ’ አለበት፣ ተገብሮ» አልኩ፣ ጣቴ ክር ሲመታ በአየር፣ ልቤ በሌላ ታስሮ።
ጆሮዬን ያዙኝ። «ልብሱን አይተህ አትፍረድ» አሉ፣
«ልብሱ ተገብሮ ነው፤ ገቢር ነው ግብሩ በሙሉ።
ተቀበለም እንዲሁ።»

እኔ በጨለማው አንድ ልጨምር፦ ተሸከመ።
ዘፋኙን፣ ከበሮውን፣ የእልፍኙን እግር ሁሉ ተሸከመ፤
ስሙ ሳይጠራ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ ከሥር ቆመ።
ሳድሷን ራብዕ ቢያደርጓት፣ የኔታ፣
ቤዝ ቤዛ አይሆንም? (ይህን ቅኔ ብዬ አልቆጥረውም፤
ለጆሮዬ መቆንጠጥ ካሣ ይሁነኝ ለጌታ።)

መብራቱን አልጠበቅኩም። ብሩን በዳበሳ ቆጠርኩለት፣
ቡናማውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ልወጣ ስል፣ ከደጃፉ ተመለስኩለት፤
ለእንየው አይደለም፣ ለጥቁሩ ነው፤ ገመዱ እንደ ተሰካ ነበር።
ነቀልኩለት። ለሚገዛው ሰው ባትሪው ይደር።